ሁለቱ አዙሪቶች በሰፊው ሳጥን

ግንቦት 11፣ ሰኞ
መጀመሪያ ይህ ይጨበጥ፤ አለዚያ የቀረው ትርጉም የለውም። እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት በሚያሳልፍ ቁስ፣ በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ፣ የማግኔት መስክ ሲገባ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይፈጠራሉ። በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት አዙሪቶች አብዛኛውን ጊዜ ይገፋፋሉ። የትነበርሽ በኮምፒዩተር ያሰላቻቸው ግን ተሳሳቡ፤ ትንሽ ርቀት ጠብቀው ጥንድ ሆነው ቆሙ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን የማስተርስ ጽሑፏን ልታስረክብ ነው። አማካሪዋ አላመናትም። "ሳጥንሽ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ነው ያጣበቃቸው" አላት። ሳጥን የሚሉት ስሌቱ የሚካሄድበትን ቦታ ነው። አጥብባዋለች... መብራት ሳይሄድ እንዲያልቅላት።

"ምዕራፍ አራትን እሰርዘዋለሁ፣ ጋሼ።"
"ሳጥኑን አስፍተሽ ሳታዪ?"
"በየትኛው መብራት?"
ሳቀች። እንባዋ ግን መጥቷል። የሁለት ዓመት ልፋቷ ያ ምዕራፍ ነው።

ፕሮግራሙን በፍላሽ ትታልኝ ለአባቷ ተዝካር መካነ ብርሃን ሄደች። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ጽሑፏን ከደባርቅ በኢሜይል ትልካለች። ከተላከ በኋላ ማረም የለም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ
ሳጥኑን እጥፍ አድርጌ አሰፋሁ። አዙሪቶቹን አራርቄ አስጀመርኩ። ከሰዓት መብራት ሄደ... ስሌቱም አብሮ ጠፋ።
ባለቤቴ እጅጋየሁ፣ "እኔ ስታመም እንዲህ አፍጥጠህ ጠብቀኸኝ ታውቃለህ?" አለች።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ
ኮምፒዩተሩን ይዤ ሐምዛ ፀጉር ቤት። ሶላር አለው።
"አያ ደመቀ፣ ፀጉር ሳይኖርዎት ምን ሊስተካከሉ መጡ?" አለኝ ሐምዛ።
"ለኮምፒዩተሩ ነው።"
"እሱስ ቢሆን ፀጉር አለው?"
ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ።
ስሌቱ እንዳይጠፋ በየመሃሉ እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ። አዙሪቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ግድግዳው ሲርቅ መሳሳቡም ቀረ ማለት ነው? አማካሪዋ ልክ ሊሆን ነው... ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ግንቦት 15፣ ዓርብ
አሁንም እንቅስቃሴ የለም።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ
ተንቀሳቀሱ። እየተቃረቡ ነው! አልቸኩልም። በጣም አጠጋግቼ ባስጀምራቸውስ?

ግንቦት 17፣ እሑድ
ከሩቅ የተነሱት የትነበርሽ ያገኘችው ርቀት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አጠጋግቼም አስጀመርኳቸው፤ ተገፋፉና እዚያው ርቀት ላይ ቆሙ። ግድግዳው አይደለም። ሐሙስ ዕለት እኔም ተጠራጥሬያት ነበር።
ደጋግሜ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደባርቅ ስትገባ እንዲደርሳት ይህን መልእክት ላክሁ፦

"የትነበርሽ፣ ሳጥኑን አስፍቼ አየሁት። ከሩቅም ከቅርብም ተነስተው አንቺ ያገኘሽው ርቀት ላይ ነው የቆሙት። የአማካሪሽ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ መልሱ ግን በእጄ ነው። ምዕራፍ አራትን እንዳትሰርዢ። ምንም ነገር ከመላክሽ በፊት ደውይልኝ። ቶሎ መልሺልኝ፣ ልጄ።"