የአባባ ጃንጥላ

ቡታጅራ፣ ዓርብ ጥር 5 ቀን 1964 ዓ.ም.

አባባ ከአየር ወለድ ጦር በጡረታ ወጥተው ነበር። አምና፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ ደብረ ዘይት እየሄዱ ለደስታቸው ብቻ ከአውሮፕላን መዝለል እንደገና ጀመሩ። ጃንጥላቸውን የማጥፈው እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ እኔንም ሊያዘልሉኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር።

ዛሬ እማዬ ከገበያ የሙሽራ ቀሚስ ይዛ ገባች። እጄ ጨርቁን ገና ሲነካው አወቀው።

"ጃንጥላውን ማን ቀደደው?"

"እኔ ነኝ ለልብስ ሰፊው የሰጠሁት" አሉ አባባ፣ ቀና ሳይሉ። "አንቺን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች 'ልጅ እየዳርክ ከሰማይ ትወድቃለህ እንዴ?' ብለው ሳቁብኝ።"

"እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ከትምህርት ቤት አውጥታችሁ ስትድሩኝ?"

"ልጄ፣ ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ለእኔም ሰጥተው ነበር።"

የግራ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ጓሮ ወጡ።

ቀሚሱን አልለብሰውም። መልሼ ጃንጥላ አደርገዋለሁ ብዬ ስፌቱን በምላጭ ስተረትር ዋልኩ። የጃንጥላውን ገመዶች ፍለጋ ጓሮ እንሰቱ ሥር ስደርስ የሙሽራው ወገን የላካት ጊደር በእነሱ ታስራለች። አባባ አጠገቧ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ልፈታት ነበር የተጠጋሁት። ገመዱን ትቼ አብሬያቸው ቆምኩ።