ያልዘለልንላት ኳስ

ውድ ባላንጣዬ፣

«ውድ» ብዬ ስጀምርልሽ እጄ ትንሽ አንገራገረ። ይህን ሁሉ ዓመት ጎኔን በክርንሽ ስትደቁሺኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ውድ! ግን ሌላ ቃል አጣሁ። እህቴ እንዳልልሽ እህት እንዲህ አትደበድብም። ጓደኛዬ እንዳልልሽ ስልክ ቁጥርሽን እንኳ ያገኘሁት የቡድንሽን ወጌሻ ደጅ ጠንቼ ነው፤ ብደውልም አታነሺም። ከቤት አልወጣም ብላለች አሉኝ። የኳስ ወሬ ሲነሳ ተነስታ ክፍል ትቀይራለች አሉኝ። እንግዲህ በወረቀት መጣሁብሽ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለኝ። እሱ ይቆየንና በፊት በሆዴ የከረመውን ልተንፍሰው። ሜዳ ላይ ከመሰዳደብ በቀር ተነጋግረን ስለማናውቅ ብዙ ተጠራቅሟል።

መጀመሪያ ፊት ለፊትሽ የቆምኩ ቀን ትዝ ይልሻል? አይልሽም፤ ለአንቺ ያው ከምትገፊያቸው አንዷ ነበርኩ። እኔን ደጋፊዎቻችን «ሸንበቆ» ይሉኛል፣ አንቺን «መሰላል»፤ ሁለት ረጃጅም ሴቶች መሀል ሜዳ ላይ ተፋጠጥን። ዳኛው የማስጀመሪያዋን ኳስ ሽቅብ ወረወራት። እኔ ዘለልኩ። አንቺ ግን ወጣሽ። ሌላ ቃል የለውም፣ ወጣሽ! እኔ ወርጄ፣ መሬት ረግጬ፣ ቀና ስል አንቺ ገና እዚያው ላይ ነበርሽ፣ ኳሷን በጣትሽ ጫፍ ለጓደኛሽ ስታቀብዪ። ሰው ነሽ ወይስ ምንድን ነሽ? እናቴ ስለ ቅርጫት ኳስ የምታውቀው መረቡ ከታች የተቀደደ መሆኑን ብቻ ነው፤ ለምን እንደማይሰፉትም እስከዛሬ አልገባትም። እሷ እንኳ ያን ቀን ቤት ስንገባ፣ «ያቺ ልጅ ግን ከዘለለች በኋላ የምትወርደው መቼ ነው?» አለችኝ። እኔስ መች አወቅኩ! ከዚያ ወዲህ አንዴም በንጹሕ ዝላይ በልጬሽ አላውቅም። ይኸው ተናገርኩት፣ ደስ ይበልሽ።

የዘንድሮውን ታሪክ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን እኛ ጋ እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ። የአዳራሹ ጣሪያ አፍስሶ የእንጨቱ ወለል ሲያብጥ፣ ጣሪያው ተቀይሮ ወለሉም ተነቅሎ እስኪለበጥ ወራት አለፉ። ውድድሩ የሚያልቅበት ቀን ግን ንቅንቅ አላለም፤ አዳራሹ ከዚያ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ተይዟል ተባለ። ስለዚህ የግማሽ ዓመቱን ጨዋታ በሁለት ወር ከምናምን ውስጥ ጠቀጠቁት። ሻንጣ አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ቁጭ እንደሚሉበት፣ ፌዴሬሽኑ እኛ ላይ ቁጭ አለብን። ዛሬ ጨዋታ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ነገ ጨዋታ፣ እንደገና አውቶቡስ። እግራችን ሳይበርድ እንደገና ይሞቃል። መጀመሪያ ኳስ አከፋፋያችን ጉልበቷን ያዛት። ከሷ ቀጥሎ ከሩቅ የምታገባልን ልጅ ቋንጃዋን ይዛ ወደቀች፤ ማንም ሳይነካት፣ እንዲሁ ስትሮጥ። ወዲያው ደግሞ ሌላዋ። ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ከሰው ይልቅ ክራንች በዛ። ጋሼ ወጌሻችን የገዛው በረዶ ሁሉ አልቆበት ከዓሣ ሻጭ መለመን ጀመረ፤ መልበሻ ክፍላችን ዓሣ ዓሣ ሸተተ። «ቢያንስ ጥሩ ስትጫወቱ ድመቶች ይደግፏችኋል» ይለን ነበር፣ እሱ ራሱ ዓይኑ ቀልቶ።

እኔ ቀኝ እግሬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወለም አለኝ። አንዴ አይደለም፣ ሳይድን ደጋገመኝ። ሐኪሙ የእግሬን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አይቶ፣ «ይሄ ጅማት ካረፈ ይድናል። ካላረፈ ይበጠሳል። ከተበጠሰ መዝለል የሚባለውን ነገር እርሺው» አለኝ።

«መቼ ልረፍ ታዲያ?» ብዬ የጨዋታውን ፕሮግራም ሰጠሁት። አገላበጠው፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየውና፣ «ይሄን ያወጣው ሰውዬ እግር አለው?» አለኝ።

ሳቅኩ፤ ቤት ገብቼ ግን አልሳቅኩም። እኔ ከመዝለል ሌላ ሙያ የለኝም። ልጅ ሆኜ «አንቺ ጅራፍ» እያሉ የሚስቁብኝን ሁሉ ዝም ያሰኘልኝ ዝላይ ነው። ያ ጅማት ከተበጠሰ እኔ ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

የኛን የተጫዋቾችን ልማድ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ሕመም የሚደበቀው መጀመሪያ ከተጋጣሚ ነው። ፋሻው ከረጅም ካልሲ ስር ይገባል፣ ኮሪደሩ ላይ ጥርስ ነክሶ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። እኔም ደበቅኩ። በተለይ ካንቺ።

አሁን ያችን ጨዋታ ላንሳት፣ ከፍጻሜው በፊት የተገናኘንባትን። አውቶቡሳችን ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ስንደርስ ሁላችንም በቁማችን እንቅልፍ ይጥለን ነበር። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞኝ፣ «እግርሽን» ሲለኝ ዓይኔን ጨፍኜ እግሬን ሰጠሁት። እሱም ዓይኑ ግማሽ እንደተከደነ አሰረው። እንዴት ያለ አስተሳሰር መሰለሽ! ለሙሽራ ያሰረው ይመስላል። ካልሲዬን ሳብኩ፣ ገባሁ። የመጀመሪያዋን ዘልዬ ሳርፍ በዓይኔ ኮከብ በራ። «ምነው ጋሼ፣ ዛሬ በደንብ አላሰርክልኝም እንዴ?» እያልኩ በሆዴ ስነጫነጭ፣ ቅጣት ኳስ ለመጠበቅ ጎን ለጎን ቆምን። አንቺ ቀና ብለሽ ቅርጫቱን እያየሽ፣ ከንፈርሽን ሳታንቀሳቅሺ፣

«ሸንበቆ፣ የሚያምሽ ቀኝሽ አይደል? ምነው ግራሽን አሰርሽው?» አልሽኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወይ ጉድ! ግራ እግሬ ካልሲው ስር ድብልብል ብሏል፣ ቀኜ ባዶውን ቆሟል።

«ምን አገባሽ!» አልኩሽ። ሌላ ምን ልበል?

በዕረፍት ሰዓት ለጋሼ ሳሳየው ራሱን ያዘ። «የተኛሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» «ሁለታችንም ጋሼ።» ሳቅንና ሳቃችን መሀል ላይ ተቆረጠ። ጋሼ ፋሻውን ፈትቶ ቀኜን አሰረው። ያን ያህል ነበር የደከምነው፤ የሚያስረውም የሚታሰረውም የትኛው እግር እንደሚታመም እስኪጠፋው።

የገረመኝ ማወቅሽ ብቻ አይደለም። አሰልጣኝሽ ዳር ቆሞ «በቀኟ ግቡባት! በቀኟ በኩል!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጮህ እሰማው ነበር። እሱም አውቋል ማለት ነው። አንቺ ግን ያን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግራዬ መጣሽ። ገፋሽኝ፣ ደቆስሽኝ፣ በክርንሽ ከጎድን አጥንቴ ጋር ተዋወቅሽ፤ ሁሉም በግራ፣ በደህናው እግሬ በኩል። ያን ጊዜ አልገባኝም። ቤቴ ገብቼ እግሬን በረዶ ውስጥ እንደነከርኩ ነው ድንገት የገባኝ፤ «እማዬ! ሆን ብላ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ምን እንደሆነ ሳታውቅ «እግዜር ይስጣት» አለች።

ከዚያ ፍጻሜው መጣ። ዋዜማውን ሁለታችንም ግማሽ ፍጻሜ ተጫውተናል፤ የማን ቡድን ይበልጥ እንደሚያነክስ ለመለየት ያስቸግር ነበር። አሰልጣኜ «ዛሬን ብቻ ቻዪው» አለኝ። ዛሬን ብቻ! የዓመቱ ቀን ሁሉ «ዛሬን ብቻ» ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈን ስንቆም፣ የአዳራሹ ጩኸት ግድግዳውን እያንቀጠቀጠው፣ ዞር አልሽ።

«ሸንበቆ፣ እኔ ዛሬ አልዘልም። አንቺም አትዝለዪ።»

«ምን አልሽ?»

«ኳሷ ትውደቅ። የቡድኔ ልጆች ተስማምተዋል፣ ማናችንም አንነካትም። እስቲ ምን እንደሚያደርጉን እንይ።»

«ሞኝሽን ፈልጊ! አሰልጣኜ ይገድለኛል።»

«ይግደልሽ፤ እግርሽ ይተርፋል» አልሽኝና ፊትሽን አዞርሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አላመንኩሽም። ወጥመድ ነው ብያለሁ። ክቡ ውስጥ ስንቆም ጉልበቴን አጥፌ ለመዝለል ተዘጋጅቼ ነበር። ዳኛው ኳሷን ወረወራት። ያኔ አየሁሽ። እጆችሽ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ዓይንሽ ኳሷ ላይ አልነበረም፣ እኔ ላይ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልበልጥሽ እችል ነበር፣ ያውም በፍጻሜ፣ ያውም ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ! እግሬ ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ግን በግራዬ በኩል የመጣችዋ ሴት ልታታልለኝ አትችልም አልኩ። ተረከዜን መሬት ላይ መለስኩ።

ኳሷ ወጣች፣ ወረደች፣ በመሀላችን ወለሉን መታች። እንደገና ነጠረች። እንደገና። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ሁሌ ጩኸት ይውጠው ነበር። አንዷ ጓደኛዬ ልታነሳት ስትሮጥ «ተይ!» ብዬ እጇን ያዝኩ። ዳኛው ነፋ፣ ደግሞ ወረወረ። ደግሞ ወደቀች። አሰልጣኜ ከዳር «አበድሽ? አንቺ ልጅ አበድሽ?» ይላል። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ከበሮና ፊሽካ፣ ጸጥ አለ። አሥር ሴቶች ሜዳ ላይ ቆመን እንተነፍሳለን፣ ትንፋሻችን ይሰማል። ሰውነቴን ሁሉ ወረረኝ። እንዲያ ያለ ታላቅ ነገር ውስጥ ቆሜ አላውቅም፤ ምንም ሳናደርግ!

ዝምታውን የሰበረችው እናቴ ናት። ከላይ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ጎረቤት በምትጣራበት ድምፅዋ፣ «ኧረ ልጆቹን አሳርፏቸው!» አለች። አጠገቧ ያለው ደገመው። ከዚያ ያንቺም ደጋፊ የኔም ደጋፊ አንድ ላይ፣ «አሳርፏቸው! አሳርፏቸው!» አዳራሹ አዲሱን ጣሪያውን ሊጥል ደረሰ። ባለ ከረባቶቹ የፌዴሬሽኑ ሰዎች ወደ ሜዳው ወርደው ሲጨቃጨቁ፣ አንቺ ኳሷን አንስተሽ ለዳኛው በሁለት እጅሽ አክብረሽ ሰጠሽው። ፍጻሜው በአሥር ቀን ተራዘመ፤ ለሌላ ጉዳይ ተይዟል የተባለው አዳራሽም ሲፈልጉ ተገኘ።

አሥር ቀን እንዴት ጣፋጭ ነው! ተኛሁ። እግሬን ከፍ አድርጌ ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ እንደገና ተኛሁ። ሐኪሙ ደግሞ አይቶ «ይዟል» አለኝ፤ ጅማቱ ይዟል። ልዘልልሽ እየጓጓሁ መጣሁ፤ ክቡ ውስጥ ግን ፊት ለፊቴ የቆመችው ተተኪሽ ነበረች። አንቺ ዳር ላይ፣ በዘወትር ልብስ፣ ክራንችሽን አቅፈሽ ተቀምጠሻል። ገና ከመጀመራችን፣ «ቀኟ ድኗል፣ እንዳታዝኚላት! ወደ ግራ ስትዞር ትዘገያለች፣ በዚያ ግቢባት!» ብለሽ ጮህሽ። አንቺ ጨካኝ! ከሳቄ የተነሳ የመጀመሪያዋን ኳስ ተበለጥኩ። ምክርሽም ሠራ፤ አሸነፋችሁን። ወደ ግራ ስዞር እንደምዘገይ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ፈለግኩሽ፣ ሄደሻል። ተተኪሽን «ምን ሆና ነው?» ብላት ዋንጫውን እንደታቀፈች ማልቀስ ጀመረች። ጉልበትሽ እንዳበቃለት ሐኪምሽ ኳሷ ከወደቀችበት ከመጀመሪያው ፍጻሜ በፊት ነግሮሽ ነበር አለችኝ። ለዚያች ቀን ብቻ አንዲት ዝላይ፣ የስንብት፣ በስንት ልመና ፈቅዶልሽ ነበር። ኳሷን ነክተሽ፣ ተጨብጭቦልሽ፣ ልትወጪ። ልጆችሽ አበባ ገዝተው መልበሻ ክፍል ባልዲ ውስጥ ነክረውልሽ ነበር። አንቺ ግን መጥተሽ «አልዘልም፣ እናንተም ኳሷን አትንኩ» አልሻቸው።

መሰላል፣ አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? አንዲት ዝላይ ቀርታሽ እሷን ተውሻት! የኔን እግር ብለሽ፣ የልጆችሽን እግር ብለሽ። እኔ ደግሞ «ሞኝሽን ፈልጊ» አልኩሽ። ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ጋሼ ወጌሻ «የትኛው እግርሽ ነው?» እያለ ሁለቱንም ዳበሰኝ። ሰው እንዴት ሳይዘል ያን ያህል ከፍ ይላል? ስምሽ በተነሳ ቁጥር አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ፌዴሬሽኑ ከዚያ ቀን በኋላ ፈርቶም ይሁን አፍሮ፣ የሚመጣው ዓመት ፕሮግራም ሲወጣ አንዲት ተጫዋች አብራ እንድትቀመጥ ወስኗል። እሷ ሳትስማማ ጨዋታ በጨዋታ ላይ አይደረብም። እኔን ጠሩኝ። «ወንበሩ የኔ አይደለም፣ ባለቤት አለው» አልኳቸው። «እሷ እኮ መጫወት አቁማለች» አሉኝ። «ለዚያ ነው» አልኩ። እኔ የራሴን እግር እንኳ ለይቼ አላውቅም፤ አንቺ ግን የሰው አረማመድ አይተሽ የት እንደሚያመው ታውቂያለሽ። ኳስ ማየት ካስጠላሽ ደግሞ አይዞሽ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ኳስ የለም፤ ወረቀትና ከረባት ብቻ ነው። ተናደሽም ቢሆን፣ እያነከስሽም ቢሆን ነይ። ቢያንስ ሰዎቹ ክርንሽን ይቅመሱት፤ ለምን እኔ ብቻ?

ሰኞ ጠዋት ነው የሚሰበሰቡት። እስክትመጪ ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ያተረፍሽልኝን ቀኝ እግሬን ዘርግቼበት እጠብቅሻለሁ።

ክርንሽ የናፈቃት
ሸንበቆ