ዝሆን ቢቆምበት ስለማይከዳው መቆለፊያህ

ጌታው፣

ክሊኒክ ሄጃለሁ። ልብስ ሰፊው ወንድምህ ዛሬ ራሱ በሐኪም ሊሰፋ ነው፤ መሳቅ ትችላለህ።

«መቆለፊያው ዝሆን ቢቆምበት አይከዳም» እያልክ የምትፎክርበት ውድ ታጣፊ ቢላህ፣ ካርቶን ስቆርጥበት ጣቴ ላይ ታጠፈ። ዝሆን በቤቱ አልነበረም።

አትንካው ብለኸኝ ነበር፤ አውቃለሁ። የወጥ ቤቱን ቢላ ግን ቲማቲም እንኳ ያሸንፈዋል። አንተ የምትስለው ሳጥን ውስጥ የሚተኛውን ብቻ ነው።

ወለሉን ወልውያለሁ። ቢላህ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ደሙን ሳታጥብ እንዳታጥፈው።
ሴትየዋ ቀሚሷን ልትወስድ ከመጣች፣ አልደረሰም በላት።

ለሻጩ ደውለህ ከመጮህህ በፊት ግን፦
ትናንት ሲከፈት ድርቅ ቢልብኝ፣ ላስደስትህ ብዬ መቆለፊያው ስለቱን የሚይዝበትን ቦታ የምግብ ዘይት ቀብቼው ነበር።
በደንብ ነው የቀባሁት፤ ያሟልጫል።

ሐኪሙ ከጠየቀኝ፣ ጥፋቱ የመቆለፊያው ነው።