ኢዘዲን በክቡ ውስጥ ለምን ዝም እንዳለ

ይድረስ ለእትዬ በለጡ፣ ደብረ ሲና፤

እንዴት ከርመሻል እትዬ? ለመሆኑ ያ ደም ግፊትሽ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም መድኃኒቱን እየረሳሽ ታስቸግሪያለሽ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? በዚህ ብርድ በማለዳ ወደ ደጅ እንዳትወጣ ብዬሽ ነበር፤ እሷ ግን የማንን ቃል ሰምታ ታውቃለች። የጋሽ ደባልቄ ሳልስ ለቀቃቸው? ልጆቹ ሕብረትና ሐኒስ ደህና ናቸው? ጤናችሁን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ የእኔ ግማሽ ሸክም ቀለለ ማለት ነው።

እኔ አለሁ። ክረምቱ ጠንክሯል፤ የአሶሳ ጭቃ ጫማ አውልቆ ያስቀራል። አካሌ ደህና ነው፤ በዚህ በኩል አታስቢ። ባለፈው በስልክ ድምፅህ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው፣ ምን ሆነሃል ብለሽ ስትወጥሪኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ቢሮ ነበርኩ፤ ሰው አጠገቤ ነበር። አሁን የሥራ ባልደረባዬ ትሩፋት ለዓመት ፈቃድ ወደ ሸዋ ልትሄድ ስለሆነ በእሷ እጅ ልላክልሽ ብዬ ቁጭ አልኩ። ለእማዬ እንዳታነቢላት አደራ።

እንደምታውቂው ሥራዬ የሠራተኛ ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤታችን ጾሬ ካምፕ ላለው ስደተኛና ለአካባቢው ሰው ውኃ ያቀርባል። ሠላሳ ሰዎች ነን፤ ግማሾቻችን ከመሐል አገር የመጣን፣ የቀሩት የዚሁ አገር ልጆች። መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ መጥታ ሦስት ቀን ስለ አካታችነት አሠለጠነችን። ልጅቷ ደግ ናት፤ አልዋሽም። ከእንግዲህ በስብሰባ የፊትና የኋላ ወንበር አይኑር፣ ከኃላፊ እስከ ዘበኛ ሁሉም ክብ ሠርቶ ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ በየተራም ይናገር አለች። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ወንበሮቹን ክብ አድርጌ የደረደርኩትም እኔው። በዓመቱ የሥራ ምዘና ቅጽ ላይም "በስብሰባ ሐሳቡን በነፃነት ይገልጻል" የሚል መስፈርት ጨመርን።

ኢዘዲን የማኅበረሰብ አስተባባሪያችን ነው፤ የበርታ ልጅ። የካምፑ ሰውና የመንደሩ ሰው በቧንቧ ወረፋ ሲጣሉ መሐል ገብቶ የሚያበርደው እሱ ነው። እኔ እዚህ ስመጣ ቤት የፈለገልኝ፣ ወባ የጣለኝ ጊዜም አጠገቤ ሦስት ሌሊት ያደረ እሱ ነው። ሲበዛ ተጫዋች ነበር። ሥልጠናው ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ዐርዋን አገባ። የዐርዋ አባት ጣሀ ደግሞ የቢሯችን ዘበኛ ናቸው፤ ብዙ ዓመት የሠሩ ሽማግሌ።

ከዚያ ወዲህ ኢዘዲን በስብሰባ ዝም አለ። ጭራሽ ዝም። ተራው ሲደርስ መሬት መሬት ያያል፤ ሐሳብ የለኝም እንኳ አይልም። ሻይና ዳቦ ሲዞር አይቀምስም። እኛ ምን አልን መሰለሽ፣ ካገባ ወዲህ ኮራ አልን። ሚስቱ ምላሱን ወሰደችበት እያልን ተሳሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ካምፕ ውስጥ ሥራው እንደ ድሮው ነበር፤ ቅጹ ግን ስለዚያ አይጠይቅም። ሚያዝያ ላይ ምዘናውን ስሞላ ከአሥር ሁለት ሰጠሁት። በዚያ ሰበብ ውሉ እንዳይታደስ ተወሰነ።

ደብዳቤውን ያስረከብኩትም እኔ ነኝ። አላስችል ብሎኝ ከግቢው ጥግ ማንጎው ሥር ወሰድኩትና ምን አድርገንህ ነው እንዲህ የጠላኸን፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። በእነ ጣሀ ቤተሰብ አማች በሚስቱ አባት ፊት ድምፁን አያሰማም፣ አይበላም፣ ዐይን ለዐይን አይተያይም። ሌላው ሰው እየተወው ነው፣ የእነሱ ቤት ግን ጥብቅ ነው አለኝ። በድሮው ስብሰባ ቢሆን ሽማግሌው በር ላይ ስለሚሆኑ ችግር አልነበረም። ፊት ለፊት ያፋጠጣቸው ክቡ ነው። ሽማግሌውም እኮ እየተሳቀቁ ነበር የሚቀመጡት። ታዲያ ለምን አልነገርከንም ስለው፣ የአማትን ነገር ለባዕድ ማውራት ራሱ ነውር ነው አለኝ። ከዚያ እጄን ያዘና፣ በቃሉ፣ ይህን እንዳትጽፈው፣ እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ አለኝ።

ጻፍኩት እትዬ። አራት ገጽ ሙሉ ጻፍኩት። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ምዘናው ይሰረዝ፣ ስብሰባውም በሁለት ይከፈል ብዬ ለኃላፊያችን ለአቶ ስለሺ ሰጠሁ፤ እሳቸውም ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ በዝናብ በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት። በስንት ዓመቴ ይህ አገር ገባኝ ብዬ ነበር።

መልሱ በሁለት ሳምንት መጣ። መጀመሪያ ያመሰግነኛል። ቀጥሎ፣ ዘመዳሞች በአንድ ቢሮ እንዳይሠሩ ደንብ ስላለና የእነዚህ ዝምድና እስካሁን ስላልተገለጸ የዘበኛው ውል ይቋረጥ፣ አስተባባሪው ይመለስ ይላል። አቶ ስለሺ ዘንድ ሮጥኩ። ልጁ ተመለሰልህ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ ከልባቸው ያሸነፍኩ መስሏቸው ነው።

እስቲ አስቢው። ኢዘዲን የሚስቱን አባት የእንጀራ ገመድ በጥሶ እንዴት ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል? አልመለስም አለ። ሽማግሌውም አማቼ ከስሶኝ ነው የወጣሁት ብለው ዐርዋን ወደ ቤታቸው ወሰዷት። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። የቀርከሃውን በር ከፍተው አስገቡኝ፤ ወንበርም ውኃም ሰጡኝ። ኢዘዲን አልከሰሰዎትም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እንዳትጽፍ ብሎ ለምኖኝ ነበር አልኳቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ በሰባራ አማርኛቸው፣ አንተ እንግዳ ነው፣ እንግዳን ሰው አይቀየምም አሉኝ። እሱ ግን የቤታችንን ነገር ለእንግዳ አወራ አሉና ተነሡ። አየሽ፣ ላድነው ብዬ ሄጄ የባሰውን በገዛ አፌ አረጋገጥኩላቸው።

ዐርዋ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ባጃጅ እስኪመጣም አብራኝ ቆመች። በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን እሱን ባትጠይቀው ይሻል ነበር አለችኝ። ባጃጁ ሲመጣ ገብቼ ሄድኩ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ነገሩን ጥሩ ተሞክሮ ብለውታል። የሠራተኛን ባህላዊ ችግር ለይቶ የፈታ ቢሮ ተብለናል። ከነገ ወዲያ ሰኞ ማንኩሽ ሄጄ ለሌላ ቢሮ ሠራተኞች እንዴት እንደፈታነው እንዳሠለጥን ታዝዣለሁ። አልችልም ብዬ ነበር። አቶ ስለሺ በለዘበ አንደበት የእኔም ውል ነሐሴ ላይ እንደሚያልቅ አስታወሱኝ። ስለዚህ እሄዳለሁ። ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ እላቸዋለሁ። ከመሐላቸው አንዱ አንገቱን ደፍቶ ዝም ቢል ምን እንደማደርግ አላውቅም። ብጠይቀው አጠፋዋለሁ፣ ባልጠይቀውም አጠፋዋለሁ።

ጊዜ ይፈታዋል እንዳትዪኝ እትዬ። ኢዘዲንን በየቀኑ ገበያው ዳር አየዋለሁ፤ ቀን ሥራ ፍለጋ ከሚቆሙት ጋር ይቆማል። እኔን ሲያይ አይሸሽም፣ አይሰድብም። እንደማያውቀኝ ሰው አይቶ ፊቱን ይመልሳል። ይህ የሚጠገን ነገር አይደለም፤ ተስፋዬን ቆርጫለሁ፣ ለአንቺ ደግሞ አልዋሽም።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽልኝ፤ በቃሉ ደህና ነው፣ ሥራውም ተመስግኗል በያት፤ ይሄኛው እውነት ነው። ጋሽ ደባልቄን አክብሬ እጅ ነሥቻለሁ፣ ለሳላቸው ከእናንተው ዝንጅብል አይለያቸው። ሕብረትን ለፈተናዋ በርቺ ብሏል በያት። ሐኒን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንንም አንድ በአንድ ሰላም በዪልኝ። ስደውል ሁሌ ከጎኔ ሆኖ ለእናቴም ሰላም በልልኝ እያለ የሚጮኸውን ልጅ እማዬ ማን ነው ትለኝ ነበር፤ ኢዘዲን ነው። ዛሬ ከዚህ ሰላም የሚላችሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ወንድምሽ በቃሉ
አሶሳ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.