የአምስት ቀን ሽኝት

ውድ ኪሩቤል፣

ደህና ነኝ ብትለኝ እንደማላምንህ እያወቅኩ ነው እንዴት ነህ የምልህ። ትናንት የላክኸውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። «ከአንድ ሐበሻ ጋር ምድር ቤት ውስጥ ልብስ እያሸግን ነው፣ አሪፍ ነው» ትላለህ። አሪፍ የምትለው ሲያስጠላህ እንደሆነ አንድ ዶርም አብሮህ የኖረ ሰው ይጠፋዋል?

ቪዛህ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ሳያልቅ ተመለስ።

እኔ ብቻዬን ስመጣ ምን እንደገጠመኝ ልንገርህ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቡራዩ ስገባ መጀመሪያ ያገኙኝ ጎረቤታችን ኦቦ ዱባለ ናቸው።

«ያ ከድሩ! ማል ታቴ? ምን ሆነህ ተመለስክ?»

«ኮንፈረንሱ አለቀ እኮ ኦቦ።»

«ስብሰባማ እዚህም ያልቃል። ሰው ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ ስብሰባ አለቀ ብሎ ይመጣል?»

እናቴ እንኳ ሱቃችን ውስጥ አቅፋኝ ስታበቃ በጆሮዬ «አባረሩህ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ያንተ ግን የባሰ ነበር። ሱሉልታ ለአምስት ቀን መንገድ በግ ታረደልህ፣ ቄሱ ባረኩህ፣ የሰፈሩ ሴቶች በርበሬና ድርቆሽ ይዘው ተሰለፉ። «እመለሳለሁ እኮ» ስትላቸው «ሟርተኛ አትሁን» ይሉህ ነበር። የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ክፍላችንን ከፍታ በበርበሬው ስታስነጥስ እንዴት በሳቅ እንደሞትን ታስታውሳለህ?

መድረኩ ላይስ ምን ያህል አምሮብን ነበር! አማርኛና ኦሮምኛ ቀላቅሎ የሚያወራን ሰው ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ፕሮግራማችንን ልናሳይ፣ ሰበታ መናኸሪያ የቀዳነውን የወያላ ጩኸት ስትከፍተው አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ፕሮግራሙ ግን አንድ ቃል ሳይስት ጻፈው። ያኔ ሳቁ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ። ማይኩን ሰጠኸኝና የቀረውን እኔ ጨረስኩት።

በማግስቱ ከተማውን ልናይ ጀልባ ተሳፈርን። ለወፎቹ ዳቦ እየወረወርክ «ቁርስ አውሮፓ፣ ምሳ እስያ! እኛ እኮ ሀብታም ነን» ትል ነበር። እናትህ የደወሉት ያን ጊዜ ነው። ነፋሱ ስለበዛ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገኸው እኔም ሰማሁ። «ኪሩዬ፣ ክፍልህን አከራየሁት። ለውኃ ፋብሪካ ሠራተኛ። ጨዋ ልጅ ነው።»

እኔ ሳቅኩ። አንተ አልሳቅክም። ዳቦውን እንደያዝክ ባሕሩ ላይ ፈዘዝክ። ከዚያ በኋላ መስጊዱንም ገበያውንም አብረን አየን ይባል ይሆናል እንጂ አንተ አብረኸኝ አልነበርክም። በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ነው የምታየው። የመመለሻችን ቀን ጠዋት ስነሳ አልጋህ ተነጥፏል፤ ስልኬ ላይ «ሂድ፣ አትጠብቀኝ። የምገባበት ቤት የለኝም» የሚል መልእክት አለ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም የተመለስኩት። ኤርፖርት ሰልፉ ላይ ቆሜ እኔም ዞሬ ልውጣ ብዬ ነበር። የሥራ ማመልከቻ ይዘን የዞርንበትን ፀሐይ እኔም አልረሳሁትም። ግን ያ ጭብጨባ አላስቀምጥ አለኝ። የጀመርነው ነገር ገና ጥሬ ነው ኪሩ፤ ሳይበስል ጥዬው ልሄድ አልቻልኩም።

እሑድ ሱሉልታ ሄድኩ። ከክፍልህ ደጃፍ የፋብሪካው ሠራተኛ ቦት ጫማ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እናትህ እትዬ አትክልት ገና ሳልቀመጥ «ሥራ ያዘልኝ አይደል?» አሉኝ።

«ቪዛው ሊያልቅ ነው እትዬ። ካለፈበት በኋላ ሌላ አገር እንኳ ልሂድ ቢል አያስገቡትም።»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

«ተመለስ ይበሉት። እርስዎ ካላሉት አይመጣም።»

ነጠላቸውን አጣፉ። «ዲግሪውን ይዞ እዚህ ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲውል ያየሁት እኔ ነኝ። ለብር መስሎህ ነው ያከራየሁት? ክፍሉ ካለ ይመለሳል ብዬ ነው» አሉኝ።

ልሄድ ተነሣሁ። እስከ ታክሲው ድረስ ሸኙኝ። ወያላው እየጮኸብን እጄን ሳይለቁ «ከስቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቁኝም። አልከሳም አልኳቸው። አንተ መጥተህ ራስህ ብታሳያቸው ይሻላል።

ሌላም አለ። የእኛን መድረክ የመራችው ኢናስ ጽፋልኛለች። በሚቀጥለው ዓመት ኩዋላ ላምፑር በሚካሄደው ኮንፈረንስ ሁለታችንም እንድናቀርብ ትፈልጋለች። ቪዛህን አሳልፈህ ከተቀመጥክ ግን ይኼ በር ይዘጋብሃል።

ና። ቤት የለኝም አትበል። ከሱቃችን ጓሮ ያለው ክፍል ለሁለት ይበቃል፤ እናቴ ፍራሹን አስጥታዋለች። ሥጋ ሲያምርህ ሱሉልታ ትሻገራለህ እንጂ በቀረው አንቸገርም። የሰው አፍ እንደሆነ እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንተም ትለምደዋለህ።

አሁን ለኢናስ የምልከውን ማመልከቻ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ሁለት ስም አለበት። ስምህን በገዛ እጄ አላጠፋም። እንዲጠፋ ከፈለግክ «አጥፋው» ብለህ በራስህ ድምፅ ላክልኝ፤ እያመመኝም ቢሆን አጠፋዋለሁ። ዝም ካልክ ግን እንዳለ ይሄዳል።

እስክትነግረኝ ድረስ ስልኬን ከእጄ የማላወጣው ጓደኛህ፣
ከድሩ
ቡራዩ