ለፍየሎችሽ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው

ይድረስ ለትርንጎዬ፤

በዚህ መስከረም ሰባ ሦስት ዓመት ደፈንኩ። ጥርሴ ስድስት ቀርቶኛል፤ ቆሎ ግን አሁንም እቆረጥማለሁ፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። እንጨት እፈልጣለሁ። ፍየል አልባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ምርኩዝ የምይዘው ለወጉ ነው። መርፌ ብቻ ክር አልቀበልም ብላኛለች፤ ጥፋቱ የመርፌዋ ነው። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው እኔው ነኝ። ልጃችን ደብሪቱ «አባዬ፣ አንተ ንገረውና መሪጌታው ይጻፍልህ» ብላ ነበር። እኔ ለሚስቴ የምለው ነገር መሪጌታን ምን አገባው? ፊደል ቆጥሬ ዳዊቱን ሳልጨርስ የኮበለልኩ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ መስመሩ እንደ አበርገሌ መንገድ ቁልቁል ቢወርድብሽ ታገሺኝ።

ከተለየሽኝ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደብሪቱ ከነባሏ እኛ ግቢ ገብታለች፤ ብቻዬን እንዳልሆን ነው የምትለው፣ እኔ ደግሞ እነሱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው የምለው። የቤቱን ክዳን አሳድሻለሁ። ደጃፍ ያለው ወይራ አለ፤ ሥሩ ያለችው ድንጋይሽም አለች፣ ማንም እንዲቀመጥባት አልፈቅድም፤ ዶሮዎቹ ብቻ እንቢ ብለውኛል።

የልጅ ልጃችን አገሬ ስምንት ዓመቷ ነው። አንቺ ስትሄጂ የወተት ጥርስ ነበራት። ያ ረግፎ አዲሱ ሲበቅል ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ፍንጭትሽን! መካከል ላይ፣ ልክ እንዳንቺ፣ ስትስቅ ወለል የሚል። ደብሪቱ ፍንጭት የላትም። ባሏም የለውም፤ የሱ ጥርስ እንደ ገብስ እሸት የተጠጋጋ ነው። ታዲያ ከየት መጣ? እኔ ዕድሜ ልኬን «ዘር የወንድ ነው፣ ሴት ማሳ ናት» ስል ኖሬያለሁ። አንቺ ደግሞ ጥጥ እየፈተልሽ፣ ቀና እንኳ ሳትይ፣ «ዘር የወንድ ብቻ ከሆነ ለሚጋቡ ሰዎች ሰባት ቤት ስትቆጥር በእናትም በአባትም የምትቆጥረው ለምንድን ነው?» ትይኝ ነበር። እኔም «ለአክብሮት ነው» እልሽ ነበር። ትዝ ይልሻል? ያን መልስ ስሰጥ እኔም አላመንኩትም። አሁን አገሬ በሳቀች ቁጥር ክርክሩን ታሸንፊኛለሽ፤ ልጅቱ ደግሞ ሳቂታ ናት።

ግን ወረቀቱን ያነሳሁት ስለ ፍየሎችሽ ነው።

ከአባትሽ ቤት ስትመጪ ይዘሻት የመጣሽውን ፍየል፣ ቦራን፣ አልረሳኋትም፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ በገመድ እየጎተትሻት፣ እሷ ደግሞ አንቺን እየጎተተች። የጣሊያን ጊዜ አልፎ አገር ገና ሲረጋ ነበር። ከእሷ ሆድ ነው መንጋው ሁሉ የወጣው። በእናትሽ ቋንቋ በኽምጣንጋ ስትጠሪያቸው ከገደል ማዶ እየዘለሉ ይመጡ ነበር። እኔ በደሃና ሰው አማርኛዬ ስጠራቸው እስከ ዛሬ ቀና ብለው ያዩኝና ቅጠላቸውን ይበላሉ። አልጋ ላይ ሆነሽ እጄን ይዘሽ ያልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቦራን ዘር እንዳታጠፋብኝ»። እኔም «እኔ እያለሁ!» አልኩሽ።

እኔ እያለሁ ሊጠፋ ነበር፣ ትርንጎዬ። እኔ ስላለሁ ብል ነው የሚሻለው።

ፊታውራሪን ታውቂዋለሽ፤ ያን ከቦራ ዘር የወጣ፣ ከመንጋው ፊት ፊት ስለሚሄድ ስሙን ያወጣሁለትን አውራ። «ሹማምንት ሰምተው ያስሩሃል» ብለሽ ስትስቂ አሁንም ይሰማኛል። በሱ የኮራሁትን ያህል በልጆቼ አልኮራሁም። ከሱ ሌላ አውራ በደጄ አይለፍ አልኩ። ሴት ልጆቹንም፣ የልጅ ልጆቹንም እሱው አጠቃቸው። ሲያረጅ ደግሞ ልጁን ተካሁት። አንቺ ነግረሽኝ ነበር፦ «አንተ ሰው፣ ለአገሩ ሁሉ ሰባት ቤት ትቆጥራለህ፣ ለፍየሎቼ አንድ ቤት እንኳ አትቆጥርም?» እኔም «ፍየል ክርስትና አልተነሳች!» ብዬ ሳቅሁብሽ። በዚያው ዓመት የታችኛው መንጋጋዋ ያጠረ ግልገል ተወለደች፤ ጡት መያዝ አልቻለችም፤ በጥጥ እየነከርሽ ወተት ስታጠቢያት ሰነበትሽ። ያን ጊዜ አንዲት ነበረች። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ አራት። ያለፈው ዓመት ከተወለዱት ከግማሽ የሚበልጡት አፋቸው አልገጥም አለ፤ ጡቱ ፊታቸው እያለ በረሃብ አለቁ። መንጋሽ አሥራ አንድ ፍየል ቀረ።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? «ዓይን ነው» አልኩ። የማን ዓይን? የጎረቤታችን የአለሙ። አንድ ቀን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «እንዴት ያሉ ፍየሎች ናቸው!» ብሎ ነበርና፣ ከዓይን ያውጣቸው ሳይል። ይኸው ነው ወንጀሉ። ሰላምታ ነፈግሁት፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ዛፍ እንደማይ አየሁት። ክታብ አስጽፌ በአውራው አንገት ላይ አንጠለጠልኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲቱ ፍየልሽ ከአንገቱ ላይ ዘንጥላ በላችው፤ ቆዳውንም ክሩንም። ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ወፈረች።

አሁን ወደ ውርደቴ ልውሰድሽ። እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂ።

ያለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሁለት ቤተሰብ ልጅ ሊያጋቡ ፈልገው ዝምድና ሊያስቆጥሩ ወደኔ መጡ። እንደ ወጉ ወይራው ሥር አስቀመጥኳቸው፤ ምርኩዜን ይዤ ቆምኩ፤ ቆጠርኩ። በልጁ እናት በኩል ስወጣ፣ በልጅቱ አባት በኩል ስወርድ፣ አራተኛው ቤት ላይ አንድ ሽማግሌ ተገናኙ። «አይሆንም» አልኩ። የልጁ አያት ተቆጣ፦ «ልጁ ጤነኛ፣ ልጅቱ ጤነኛ፤ ምን ይሆናሉ?» እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ሁለቱም ጤነኛ ቢሆኑስ? ደም የሸሸገው እንከን ከገዛ ደሙ ጋር ሲገናኝ ከተሸሸገበት ይወጣል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ያሉት በከንቱ መሰለህ?» አልኩት። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በራሴ ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል፣ አንዲት አፈ ጎዶሎ ግልገል እየተንገዳገደች በመካከላችን አለፈች።

የልጅቱ አክስት ዓይኗን ከግልገሏ ላይ አልነቀለችም። «ይቺ ምን ሆና ነው?» አለች። «ዓይን ነው» አልኳት። ከዚያ በለሆሳስ ጠየቀችኝ፣ «አያ ወልዴ፣ የዚህች ግልገል እናትና አባት ስንተኛ ቤት ይገናኛሉ?»

ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝና ሳልፈልግ በልቤ ቆጠርኩት። አባትየው የእናቲቱ አባት ልጅ ነው። አንድ ቤት! የተሰበሰበው ሰው መልሱን ከፊቴ ላይ አነበበው፤ በ«አይሆንም» ያዘኑት ሁሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የተቆጣው አያት ጭምር። ትዳሩ ቀረ፣ ግን ሁለቱ ቤተሰብ እየተሳሳቀ ተለያየ፤ ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሳምንት ከብት የሚከትበው ጎልማሳ ከሰቆጣ መጣ። ሰው በሌለበት ጠብቄ ጠየቅሁት። «አባቴ፣» አለኝ፣ «እርስዎ ለሰዎቹ የነገሩት ልክ ነው። እንከኑን ግልገሏ ከአንድ ወላጅ ብቻ ብትወርስ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ከሁለቱም ስትወርሰው ነው የሚወጣው። አውራውም ለግማሹ ዘር ተጠያቂ ነው፣ እናቲቱም ለግማሹ።» ግማሽ በግማሽ አለ፣ ትርንጎዬ! የተማረ ሰው ነው፤ አንቺ ጥጥ እየፈተልሽ ያልሽውን ነው የነገረኝ። መድኃኒቱም ከሩቅ ዘር የሆነ አውራ ማምጣት ነው አለኝ፤ ከሚወለዱትም ውስጥ እንከኑን ሸሽገው የሚይዙ ስለሚኖሩ ከነሱ መልሼ አውራ እንዳላስቀር አስጠነቀቀኝ። የፊታውራሪን ወንድ ልጆች ሁሉ በዚያው ሰሞን አኮላሸኋቸው። አሁን ሙክት ሆነው ሰብተዋል፤ ቂም የያዙብኝ ይመስለኛል።

በሰፈሩ የሩቅ ዘር አውራ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አለሙ። ከተከዜ ማዶ ያስመጣው፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተጠቀለለ ቀይ አውራ። ደጁ ከደጄ ሠላሳ እርምጃ ነው። እኔ ግን ስንቄን ቋጥሬ አበርገሌ ወረድኩ።

ሁለት ቀን በእግሬ። ሳልነግራቸው መውጣቴን ሲያውቁ ደብሪቱ አለቀሰች፣ አገሬ ሳቀች አሉ። ቆላ ስደርስ በአንድ ሰውዬ በረት ውስጥ እንዴት ያለ አውራ አየሁ መሰለሽ! ደረቱ፣ አረማመዱ፣ ከመንጋው ፊት ፊት ሲሄድ። ገና ዋጋ ሳልጠይቅ «ዘሩ ከየት ነው?» አልኩት። ባለቤቱ ኮራ ብሎ፣ «ይህማ ተራ ፍየል አይደለም! አያቱ ሰቆጣ ዙሪያ ያለ፣ ፊታውራሪ የሚባል ስመ ጥር አውራ ነው» አለኝ። እኔው ገበያ አውጥቼ የሸጥኩት ግልገል ልጅ ነበር። ከገዛ ደሜ ሸሽቼ ሁለት ቀን ብወርድ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፤ አፍሬ ሳለሁ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኝ ነበር። ስሙ አበርገሌ ደርሷል!

ባዶ እጄን ወጣሁ። ከሁለቱ ቀን መንገድ ይልቅ ሠላሳዋ እርምጃ ረዘመችብኝ። የአለሙ አጥር ላይ ስደርስ «ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ይሆን?» አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ያላልኩት ሰው ነው። «አያ ወልዴ፣ ለዝናቡ ነው የመጣኸው ለአውራው?» አለኝ። ለካ የወይራው ሥር ነገር አገር ሰምቶታል። «ለአውራው» አልኩ። «ዓይኔስ?» አለኝ፤ ቀጠለናም፣ «ይህን አውራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጧት ማታ አየዋለሁ፤ ዓይኔ የሚበላ ቢሆን ቀንዱ እንኳ አይተርፍም ነበር!»

ከዚያ ፈረደብኝ። «ለሰው እንደምትቆጥረው፣ ምርኩዝህን ይዘህ፣ ቆመህ፣ የአውራዬንና የፍየሎችህን ዘር ቁጠር። ቤተሰቤ ይስማ።» ሚስቱ ወጣች፣ ልጆቹ ወጡ። ቆምኩና ቆጠርኩ፤ እሱ ስለ አውራው የሚያውቀውን እየነገረኝ፣ እኔ ከቦራ ጀምሬ ያንቺን እየጠራሁ። የትም አልተገናኙም። «ይጋቡ!» አልኩ። አለሙ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። የአውራው ዋጋ እንደ ወጉ አንዲት እንስት ግልገል ናት፤ የሚመርጣትም እሱ ነው።

አውራው ሰኔ ላይ ገባ። ኅዳር ላይ መውለድ ጀመሩ። እያንዳንዷ ስትወልድ የግልገሉን አገጭ በጣቴ እዳስስ ነበር። አንዱ ደህና። ሁለተኛውም። ሦስተኛዋ ጣቴን ነክሳ ልትጠባኝ ሞከረች። ዘጠኝ ተወለዱ፣ ዘጠኙም አፋቸው የገጠመ፤ ሲጠቡ ድምፃቸው እቤት ድረስ ይሰማል። የመጨረሻዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ቦራ ናት፤ እናቷ ራሷን ቦራን ነው የወለደችው። እናቷ ነጭ የላትም፣ አውራው ቀይ ነው። እንደ አገሬ ፍንጭት፣ ተሸሽጎ ከርሞ ወጣ። ለካ የሚሸሸገው እንከን ብቻ አይደለም።

አለሙ ሊመርጥ መጣ። ቦራዋን አነሳት፤ ፊቴን አየና መልሶ አስቀመጣት፣ ሌላ መረጠ። ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን አሰብኩበት።

አንቺን የማስታውሰው በልቅሶ አይደለም፤ ያለብኝን በመክፈል ነው። ዕዳዬን ለልጆቼ አልተውም፤ የምከፍለው እኔው በእጄ ነው። ስሚኝ፤

ለአለሙ ቦራዋን ራሴ አቅፌ እወስድለታለሁ፣ ጡት እንደጣለች፣ ለፋሲካ። ዘርሽ በሁለት በረት ይኑር፤ በአንዱ ብትጠፋ በሌላው ትገኛለች። ከአባቷ ጋር እንዳያውላትም አስምለዋለሁ።

ደግሞም ለአለሙ፣ በማኅበራችን ቀን፣ ጽዋው ሳይነሳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያንተ ዓይን ንጹሕ ነው፣ የታወረው የኔ ነበር» እለዋለሁ። ይህኛው ከግልገሏ ይከብደኛል። ግን አደርገዋለሁ።

ለዚያች ለልጅቱ አክስት አንድ ቅል ወተት። መልስ ያልሰጠኋት ጥያቄ አለ።

ለደብሪቱ፣ አበርገሌ ስወርድ ላስለቀስኳት፣ ሁለተኛ ሳልነግራት አልሄድም። ነግሬያት እሄዳለሁ።

ላንቺ የቀረብኝን በቀለም ልጻፈው፦ ዘር የሁለት ነው። ተሸነፍኩ።

ለአገሬም ዘር መቁጠርን አስተምራታለሁ፤ ሴት ልጅ ቆጣሪ ሆና አታውቅም የሚል ካለ ወይራው ሥር መጥቶ ይንገረኝ። ፀሐይ ሳለ ድንጋይሽ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ አንቺ የተቀመጥሽባት ላይ። «ቁጠሪ» እላታለሁ። የምትጀምረው ከአንቺ ነው።

ባልሽ ወልዴ