ጁነይዲ የዘለላት ምት

ናይሮቢ ለምትኖረው ወንድም ዓለሜ ምስጋናው ይድረስ።

ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያምህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ብርቱካን፣ ሕፃኑ፣ አብሮህ የተሰደደው ጓደኛህ ክንዱስ እንዴት ከረሙ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ እህትህ ርብቃ ከናፍቆትህና ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ፤ እማዬም ቆማ ትሄዳለች። አባባም ደኅና ናቸው ብዬ ልዋሽህ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሣሁት፤ እምቢ አለኝ።

ያልደወልኩልህ ኔትወርክ ከጠፋ ከወር በላይ ስለሆነው ነው። ደብዳቤውን የባንድ ጓደኛህ ጁነይዲ ይዞት ይሄዳል። ለሱቁ ጨርቅ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲገባ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሃል።

አባባ በኅዳር ጽዮን ማሕሌት ላይ ቆመው ሳለ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ስትሮክ ነው። ስምንት ዓመት በጤና ጣቢያ ለሰው ሳስረዳው የኖርኩት በሽታ እቤቴ ሲገባ እጄ ተሳሰረ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንዳንወስዳቸው፣ መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። ደም ግፊታቸውን እለካለሁ፣ አገላብጣቸዋለሁ፣ አጥሚት በማንኪያ እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለኝም። ያ ድጓ ሲመሩ ደጀ ሰላም ድረስ የሚሰማ ድምፅ ዛሬ ውኃ እንኳ ብሎ መጠየቅ አቃተው።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በሰኔ ስትደውል «የገዘተኝ አፍ ይፍታኝ፤ ይፍታህ ባሉ ማግስት እመጣለሁ» ብለኸኝ ነበር። አባባን ለምኜ ላስፈታህ ቃል ገባሁልህ። ጾሙ ይለፍ፣ እህሉ ይግባ እያልኩ ሳመነታ አፋቸው ቀድሞኝ ተዘጋ። ይቅር በለኝ።

ታሪኩን አንተው ታውቀዋለህ፤ ሰሞኑን ሌላ የማስበው ስለሌለኝ ልድገመው። ያ «ጉና ነጎድጓድ» ብላችሁ የምትኮሩበት የሮክ ባንድ ሲጀመር የብስክሌት ፍሬን ሽቦ የተወጠረበት ጣውላና የጁነይዲ ጀሪካን ነበር። የትምህርት ቤቱን የሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ አቃጥላችሁ ሁለት ሳምንት ተባረራችሁ፤ እማዬ ዛሬም ስታነሣው ትስቃለች። «ተነሥ ይላል ጉና»ን ስትሠሩ ምቱን ከአባባ ማሕሌት ወሰድከው። አንተ ከውስጥ መቋሚያ ይዘህ ስታሸበሽብ፣ ጁነይዲ ሙስሊም ነውና ከቅጥሩ ውጭ እየጠበቀህ በጀሪካኑ ያጠና ነበር። የአባባ ምት ስድስት ነው፤ አራተኛዋ ለስላሳ ስለሆነች ከቅጥሩ አታልፍም። ጁነይዲ ሳያውቅ ዘለላት፤ ዘፈኑም እንደዚያው አገር አዳረሰ።

አባባ ከደብረ ታቦር ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ሰሙት። ጎረምሳው ሁሉ «ተነሥ» እያለ ወንበሩን ሲደበድብ፣ አውርደኝ ብለው የቀረውን መንገድ በእግራቸው መጡ። መስረቁስ ይሁን፣ አጉድሎ መስረቅ ምን ይባላል እያሉ ገቡ። ከዚያም «ይህን የዘፈነ ደጄን እንዳይረግጥ ገዝቻለሁ» አሉ። አንተ በማግስቱ ጊታርህን አንግበህ ወጣህ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

የንስሐ አባታቸውን አባ ማቴዎስን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። አባትሽ የኔታ በሕይወት እያሉ እሳቸው ያሰሩትን በላያቸው አልፌ አልፈታም፣ የገዘተ ይፍታ አሉኝ። አባቴ፣ አፉ የት አለና ብላቸው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ባለፈው ቅዳሜ ጁነይዲ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ ዘፈኑን ከስልኬ ከፍቼ በጆሯቸው አጠገብ አኖርኩት። እማዬ ልትገድሏቸው ነው ብላ ጮኸች። መነሣት ለማይችል ሰው፦

ተነሥ ይላል ጉና፣ ጉሙን አራግፎ፤
ስንቱ ተኝቶ ቀረ፣ ስንቱ ሄደ አልፎ።

ምን ነክቶኝ ነው እያልኩ ላጠፋው ስል፣ ግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መምታት ጀመረች። ሊጸልዩላቸው መጥተው የነበሩት አባ ማቴዎስ፣ ማሕሌታቸውን ነው አሉ። ጁነይዲ ግን ጎንበስ ብሎ ሲቆጥር ቆየና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አራተኛዋን ዘለሏት፣ ምስጋናው። ዕድሜ ልካቸውን ስተዋት የማያውቁትን ምት ዘለሏት። ዘፈኑ ካለቀ በኋላም እንደዚያው እየዘለሉ መቱ።

ይህ ይፍታህ ማለት አይደለም ወይ ብዬ አባ ማቴዎስን ጠየቅኋቸው። እጅ አይፈታም ልጄ አሉኝ፤ እሳቸውም ሲሉት እንባቸው መጥቶ ነበር። እንግዲህ ና እንዳልልህ ግዝቱን እፈራለሁ። አትምጣ እንዳልልህ ትንፋሻቸውን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ ጥምቀትን መድረሳቸውን እንጃ። ምን ልበልህ?

ብርቱካንን በእኔ ስም አቅፈህ ሳምልኝ፤ ሕፃኑን አያትህ እንዲህ ናቸው እያልክ አጫውትልኝ። ክንዱን እናቱ ደኅና ናቸው በለው። እማዬ ዓይንህን በሩቁ ስማለች። ጁነይዲ፣ ያንተው ጥፋተኛ ሰላም ይልሃል በለው ብሎኛል። የአባባን ሰላምታ ግን እንዴት እንደሚጻፍ ግራ ገባኝ፤ እንዲህ ነው፦ ሦስት ምት፣ ዝም፣ ሁለት ምት።

እህትህ ርብቃ ስማቸው
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.